ለአባቴ ጆሮ ስፒከር ስመርጥ

አባቴ መስማት ያቆመው በአንድ ቀን አይደለም። መጀመሪያ በር ሲንኳኳ አይሰማም ነበር፤ ቀጥሎ ከኋላው የሚጠሩትን፤ በመጨረሻ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ የማወራውን እኔን። ከወሎ መጥተን ከሰፈርንበት መንደር አምጥቼው አሶሳ ከእኔ ጋር መኖር ሲጀምር ጎረቤት እየመጣ ያጫውተው ነበር። እሱ ግን የተጠየቀውን ትቶ ያልተጠየቀውን ሲመልስ ሰው ይስቃል። ሳቁን ደግሞ ባይሰማም ያየዋል። ከዚያ በኋላ እንግዳ ሲገባ ተነስቶ ጓዳ መግባት ጀመረ። ወሎ ሳለን ሠርግ ያለ እሱ አይደምቅም የሚባልለት ሰው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ግድግዳ ሲያይ ይውል ነበር።

ሐኪሙ የዕድሜ ነው ብሎ አሰናበተን። እኔ ግን ዕድሜ ነው ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይዋጥልኝም። ከሰው ጋር ተመልሶ እንዲቀመጥ እፈልግ ነበር፤ ሌላ ምንም አልፈለግሁም።

አንድ ቅዳሜ ከገበያ ስንመለስ አባቴ አንድ ሻይ ቤት በር ላይ ቆመ። ውስጥ ቪዲዮ ይታያል፤ ከበሩ በላይ የተሰቀለው ትልቅ ስፒከር ሰፈሩን ያናውጣል። አባቴ አንገቱን አስግጎ ትንሽ ቆየና፣ «ይኸ ሰውየ ዋሽቷል፤ ሚስቱም አውቃበታለች» አለኝ። ክው አልኩ። ያለው ልክ ነበር። እኔ በጆሮው ሥር ጮኼ «ውሃ ላምጣልህ?» ስለው የማይሰማው ሰው የድራማውን ነገር ሰምቷል ማለት ነው! ቴሌቪዥንና ዴክ ቤት ውስጥ ነበረኝ፤ የጎደለው ድምፅ ነው ብዬ እዚያው በሩ ላይ ወሰንኩ።

መወሰኑ ቀላል ነበር። መምረጡ ግን ናላዬን አዞረው።

ያን ጊዜ ክልሉ ገና አዲስ ነው። ከየአገሩ የተመደበ ሠራተኛ በየሳምንቱ ይወርዳል፤ እኔ በጸሐፊነት የምሠራበት ቢሮ እንኳ ከወንበሩ ሰዉ ስለሚበልጥ ቀድሞ የገባ ነው የሚቀመጠው። በዚህ ሁሉ መሀል ሆም ቴአትር የሚባል ነገር መጣ። የጎረቤቴ የፊዚክስ መምህር፣ ከጎጃም የተመደበ ሰው፣ ነገሩን ላስረዳሽ ብሎ መሬት ላይ በእንጨት ሣለልኝ። መሀል ላይ ሶፋ፣ ፊት ለፊት ቴሌቪዥን፣ ግራና ቀኝ ስፒከር፣ ከኋላም ሁለት፣ ቴሌቪዥኑ ሥር አንድ፣ ጥግ ላይ ደግሞ መሬት የሚያንቀጠቅጥ አንድ ትልቅ።

«እኔ ሶፋ የለኝም» አልኩት።

«ሶፋውን ተይው፤ ሰው የሚቀመጥበት ማለቴ ነው።»

«ሰው የሚቀመጠው ደጅ ነው።»

እውነቴን ነው። በዚያ ሙቀት ማታ ማታ ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ማን አለ? መብራት ሲመጣ ቴሌቪዥኑን በረንዳ አውጥተን ማንጎው ሥር ተኮልኩለን ነው የምናየው። መምህሩ ሥዕሉን በእግሩ አጥፍቶ እንደገና ሣለ፤ ሶፋው የነበረበት ቦታ ማንጎ ሆነ። ጭራሽ አልገባኝም። ስለ ዋትም ነገረኝ፤ ራሴን ነቀነቅሁ እንጂ እሱም አልገባኝም። ደግሞ ሰው ራሴን ስነቀንቅ ካየ የባሰ ያስረዳኛል።

ዕቃው የሚገኘው ከድንበር ከተማዋ ከኩርሙክ የሚያመጣ አንድ የበርታ ተወላጅ ነጋዴ ሱቅ ውስጥ ነበር። ስገባ የማየው ሁሉ ስፒከር ነው፤ ካርቶን ግን የለም። አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ብርማ፣ ገመዱ እንደ ሐረግ የተጠላለፈ።

«ካርቶኑስ?» አልኩት።

«ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ ካርቶን ቦታ ይበላል። መኪና ላይ ሁሉም ተፈቶ ነው የሚጫን። እዚህ አንድ አንድ ትመርጣለህ፣ ብርህ እንዳለው።» እሱ ለሴትም ለወንድም አንድ ዓይነት ነው የሚናገረው፤ እኔም ለምጄዋለሁ።

ሰው የፈለገውን ያህል ለቅሞ ይገዛል ማለት ነው፤ እንደ ሽንኩርት። ደስ ሊለኝ ሲገባ ጭራሽ ግራ ገባኝ። ሙሉውን ብገዛ ኖሮ አልመርጥም ነበር፤ አሁን ግን የትኛው ይቅር? ማጫወቻውንና አራቱን ትናንሽ ከለየሁ በኋላ በእጄ ያለው ብር ለአንድ ብቻ ይበቃል፦ ወይ ቴሌቪዥን ሥር ለሚቀመጠው መሀለኛ፣ ወይ ጥግ ላይ ለሚቆመው ትልቁ። አንዱን አነሳሁ፣ አስቀመጥኩ፣ ሌላውን አየሁ። ነጋዴው ያዘዘልኝ ሻይ በረደ።

«ይሄ መሀሉ ለውበት ነው» አለኝ በመጨረሻ። «ትልቁ ግን ወላሂ፣ ሆድ ውስጥ ይገባል።»

ሳልገዛ ሰፈር ተመልሼ መምህሩን ጠየቅሁት። «ድምፁ ይከፋፈላል» አለ አስቦ፤ «አንዱ ቢጎድል የእሱን ድርሻ የቀሩት ይወስዱታል።» የፊዚክስ መምህር ነው፤ ምን ብዬ ልከራከር? አባቴ የማይሰማ ሰው ነው፣ ስለዚህ የሚያስፈልገው ኃይል ነው ብዬ ሄጄ ትልቁን ገዛሁ።

የመጀመሪያው ማታ ግቢው ሞላ። መምህሩ ገመዱን እየጎተተ አራቱን ትናንሽ አስቀመጠ፤ ሁለቱን በረንዳ ላይ፣ ሁለቱን ማንጎው ላይ አሰረ። ትልቁን አባቴ አጠገብ አደረግነው። የተቀመጠበት ወንበር እስኪነቃነቅ ድረስ ሙዚቃው ተነሳ፤ ሰዉ አጨበጨበ። አባቴም ደረቱን በመዳፉ ይዞ ፈገግ አለ። ተሳካልኝ አልኩ።

ከዚያ ተዋናዮቹ ማውራት ጀመሩ፤ ማለት አፋቸው መንቀሳቀስ ጀመረ። ድምፅ የለም። በር ሲዘጋ ይሰማል፣ ከማንጎው ላይ ዝናብ ይዘንባል፣ መኪና በጀርባችን ያልፋል፤ ሰው ግን አይናገርም። መምህሩ የነካውን ቁልፍ ሁሉ ነካ። ዝናቡ ባሰበት እንጂ የሰው ቃል አልመጣም። ጎረቤቶች ጆሯቸውን በእጃቸው ደግፈው ወደ ፊት አዘነበሉ፤ አንዱ ሌላውን «ምን አለ? ምን አለ?» ይለዋል። እኔ ከእፍረት የተነሳ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

አባቴ አንድ በአንድ አያቸው። እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አየ፣ ግንባራቸው ተኮሳትሮ አየ። ከዚያ ሳቀ፤ እንደዚያ ሲስቅ ካየሁት ዓመታት አልፈዋል።

«ምነው እናንተየ? ሁላችሁም ደነቆራችሁ?»

ወንበሩን ወደ ቴሌቪዥኑ ሳብ አደረገና እየጮኸ መተርጎም ጀመረ። «ይች ልጅ መሄድ አትፈልግም። እናትየዋ ግን ሂጅ እያለች ነው፤ አፏ ሂጅ ይላል፣ ዓይኗ አትሂጅ ይላል። ይኸ ባለ ኮቱ ሌባ ነው፤ አንገቱን እዩት።» ያኔ ነው የገባኝ። ሻይ ቤቱ በር ላይም የሰማው ነገር አልነበረም፤ ያየው ፊታቸውን ነው። ያን ሁሉ ስፒከር ስመርጥ የከረምኩት ላልተሰማ ድምፅ ነበር። ልሳቅ ወይስ ላልቅስ አላወቅሁም፤ ሰዉ ግን ሳቀ፣ ደግሞ በእሱ ላይ ሳይሆን ከእሱ ጋር።

በማግስቱም መጡ። አጥር የምንጋራት የበርታ ሴት በፊት ቪዲዮ ስናይ ቶሎ ትሄድ ነበር፤ አሁን ቀድማ ቦታ ትይዛለች። «ቲቪ አማርኛ ቶሎ ቶሎ ነው፣ አይያዝም» አለችኝ። «አባባ ቀስ ብሎ ይናገራል፣ ጮኾ ይናገራል። እኔ ሁሉም ገባኝ።» አባቴም መብራት እስኪመጣ መቆየት አቃተው፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ፊቱን ታጥቦ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ማንጎው ሥር ይሰየማል።

እኔ ግን የተበላሸ ነገር አይቼ መተው አልችልም። ነጋዴው ጋ ሄጄ ጮኽኩበት። እሱ አልተቆጣም። «ሌላም ሰው መሀሉን ሊጠይቅ ተመልሷል» አለ እየገረመው። «ፊልም ውስጥ ሰው የሚያወራው ለካ በሱ ነው።» ከኋላ የሚቀመጡትን ሁለቱን መልሼ መሀለኛውን ይዤ መጣሁ። እንዲህ ከሆነ አባቴም ምናልባት አንድ ሁለት ቃል ይሰማል ብዬ ነበር።

ማታ መምህሩ ገጠመው። የሰው ድምፅ ጥርት ብሎ ግቢውን ሞላው፤ እያንዳንዷ ቃል ትሰማለች። መሀለኛውን አንስቼ አባቴ ጆሮ አጠገብ ያዝኩለት። ግንባሩን ቋጠረ። «ይጮኻል» አለኝ፤ «ምንም አይልም፣ ይጮኻል ብቻ።» ቦታው መለስኩት። እሱም እንደለመደው ቀጠለ፦ «አሁን ይኸ ልጅ ገንዘቡን ደብቆ...»

«አባባ፣ አንዴ ዝም ይበሉ፣ እንስማበት» አለ መምህሩ፣ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ።

አባቴ ቃሉን አልሰማም፤ ጣቱን ግን አየ። ዙሪያውን ተመለከተ። ሁሉም ፊት ወደ ቴሌቪዥኑ ነው። የበርታዋ ሴት ብቻ እሱን ታያለች፣ ቀጥሎ የሚለውን እየጠበቀች። ዱላውን ፈለገ፣ ተነሳ፣ ወደ ጓዳው አመራ።

ምን እንደምሠራ አላውቅም ነበር። ያን ሁሉ የለፋሁበት ነገር ገና ዛሬ ተስተካክሏል፤ እግሬ ግን ወደ በረንዳው ሄደ፤ እጄም የመሀለኛውን ገመድ ከጀርባው ነቀለው። ተዋናዮቹ ያለ ድምፅ አፋቸውን ብቻ ያንቀሳቅሱ ጀመር።

«ደግሞ ምን ሆነ?» አለ መምህሩ።

«እንጃ፤ ኩርሙክ መንገድ ላይ ተጎድቶ ይሆናል» አልኩት።

አባቴ በሩ ጋ ደርሷል። ሮጬ እጅጌውን ያዝኩና ወደ ቴሌቪዥኑ አመለከትኩት። ጆሮዬን በመዳፌ ደግፌ፣ እንደማይሰማ ሰው አዘንብዬ አሳየሁት። ዞሮ ጎረቤቶቹን አየ፤ እነሱም ጆሯቸውን ይዘዋል።

«ቆዩ እስኪ» አለ እየተመለሰ፤ «ፊቷን ልየው።»