ጋሼ ግርማን ላመጣ ወደ ሰሜን ጫፍ

ሰኞ፣ መነሻ

በረዶ በማያውቀው ከተማችን፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ያለችውን የቅመም ሱቄን ዘግቼ ወደ ኤርፖርት ስሄድ ሐሳቤ አንድ ብቻ ነበር፤ ታላቅ ወንድሜን ጋሼ ግርማን ይዤ መመለስ። ጋሼ አላስካ ጫፍ ላይ ባለች፣ በመኪና በማይደረስባት የባሕር ዳር መንደር የሥራ ዘመናቸውን ሙሉ የመብራት ጄኔሬተር ሲጠብቁ ኖረዋል። በቅርቡ እጃቸውን ብርድ መትቷቸው ጣቶቻቸው ደነዘዙ። ሐኪሙ «ሥራ ይብቃዎት» ቢላቸው፣ ለእኔ በስልክ «እኔ ከሄድኩ ይህን ማሽን ማን ያውቀዋል?» አሉኝ።

ማክሰኞ

ሦስት አውሮፕላን ቀያየርኩ። የመጨረሻዋ ትንሽ ስለሆነች ፓይለቱ ሻንጣዬን ብቻ ሳይሆን እኔንም ሚዛን ላይ አቆመኝ። ከታች ዛፍ የለም፣ መንገድ የለም፤ ነጭ ብቻ። ጋሼ በረዶ ላይ በሚሄድ ሞተር ጠበቁኝ። ሲያቅፉኝ ጣቶቻቸው ጀርባዬን አልጨበጡም።

በመንደሯ ሱቅ አንድ ጥቅል ጎመን አሥራ አራት ዶላር ነው። እራት የአጋዘን ሾርባ በላን፤ እኔ ያመጣሁትን ሚጥሚጣ ነሰነሱበት።

«ጋሼ፣ ቲኬትዎን ቆርጫለሁ። በረራው ሐሙስ ነው።»

«ካንስል አድርጊው።»

ረቡዕ

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ውጭው ጨልሟል፤ ነፋሱ ቤቱን ይንጠዋል። ድንገት መብራት ጠፋ። ማሞቂያውም አብሮ ቆመ። ጋሼ ካፖርታቸውን ሲያነሱ በሩ ላይ ቆምኩባቸው።

«እጅዎን ያጡታል!»

«ጨቅላ የታቀፉ እናቶች አሉ። ልቀቂኝ።»

በገመድ ተያይዘን ወጣን። እጄን ብዘረጋ መዳፌ አይታየኝም። መቶ እርምጃ የማይሞላውን መንገድ ሁለት ጊዜ ወድቄ ተነሣሁበት። ማሽን ቤቱ ስንደርስ ሜሪ ቀድማናለች። ሜሪ የአገሬው ተወላጅ ነች፤ አሥራ ሁለት ዓመት የጋሼ ረዳት ስትሆን፣ ከመጥረግና ናፍጣ ከመቅዳት በቀር ማሽኑን አስነክተዋት አያውቁም።

ናፍጣው ረግቶ ፊልትሮውን ደፍኖታል። ጋሼ መፍቻውን ያዙ፤ ወደቀ። አነሡት፤ እንደገና ወደቀ። እኔ ባትሪ ይዤ አበራለሁ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲወድቅ ፊታቸው ላይ ያየሁትን ፍርሃት አባታችን ሲሞት እንኳ አላየሁባቸውም። ሜሪ እጇን ዘረጋች።

ሰጧት።

«መጀመሪያ የታችኛውን ቡሎን» አሏት በእንግሊዝኛ።

«አውቃለሁ» አለች። «አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳይ ነበር።»

አዲስ ፊልትሮ አሰረች፤ አየሩን አስወጣች፤ አስነሣችው። ማሽኑ አጉረመረመና ጠፋ። ደግማ ሞከረች፤ ጠፋ። የመስኮቱ መስታወት በውስጥ በኩል በረዶ መያዝ ጀምሯል። በሦስተኛው ግን ተነሣ፤ ወለሉ ተንቀጠቀጠ።

መብራት ሲመጣ ጋሼ ግድግዳ ተደግፈው ቁጭ ብለው ነበር። ከአንገታቸው የማሽን ቤቱን ቁልፍ አውልቀው ለሜሪ ሰጧት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አውሮፕላኑ ነገ ስንት ሰዓት ነው?»

ቅዳሜ፣ ቤት

ነፋሱ አንድ ቀን አዘግይቶን ቅዳሜ ፌርፋክስ ገባን። እዚያ የያዛቸው ደመወዙ ወይም ልማዱ ይመስለኝ ነበር። ለካ «ያለ እኔ ይጨልማል» የሚል እምነት ነው። ከዚያ ያወጣቻቸው ሜሪ ነች እንጂ እኔ አይደለሁም። እኔ ሰው በልመና ይመለሳል ብዬ ስሄድ፣ የሚያሳርፈው ተተኪውን ማየቱ እንደሆነ ተምሬ መጣሁ።

ከሳምንት በኋላ

ሜሪ ለጋሼ ደወለች። መብራት ጠፍቶ አስተካክላዋለች።

«ያኔውኑ ለምን አልደወልሽልኝም?» አሏት።

«አላስፈለገም።»

ጋሼ ስልኩን ዘግተው አስቀመጡት። ከዚያ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አጠለቁ።

«ወደ ሳንታ ሞኒካ ባሕር ዳርቻ የሚሄደው ባስ የት ነው የሚቆመው?» አሉኝ።