ከሽንት ቤት ጉድጓድ የወጣው መዳብ

ድንጋይ ያስተማረኝ መምህር የለም። መንገድ ሠሪዎች ጥለውት የሄዱትን አንድ የተቦጫጨቀ መጽሐፍ ይዤ፣ የቀረውን በስልኬ እየጎረጎርኩ ነው የተማርኩት። ይኸው እንጅባራ ላይ ስለ ድንጋይ የሚበልጠኝ የለም፤ ካለም አላጋጠመኝም።

አንድ ጠዋት ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ያለችው ታናሽ እህቴ ኔትወርክ ፍለጋ አስፋልት ድረስ ወጥታ ደወለች።

"ጋሼ፣ ድረስልኝ! ዛፋችንን ሊጨፈጭፈው ነው!"

ባሏ የሽንት ቤት ጉድጓድ ሲቆፍር ቀዳዳ የበዛበት፣ አረንጓዴ ነጠብጣብ ያለው ጥቁር ድንጋይ አገኘ። አንድ ደላላ "ፖርፊሪ ነው፤ መዳብም፣ ሞሊብዲነም የሚባል ውድ ብረትም አለው" አለው። በቃ! ለከሰል የተከለውን ገና ለጋ የዲከረንስ ዛፍ መንጥሮ ኮረብታውን ሊቆፍር ወንፈል ጠራ። ያ ዛፍ እኮ የልጆቹ ደብተር መግዣ ነው።

በባጃጅ ስደርስ ጎረቤቱ በልቶ ጠጥቶ መጥረቢያ ይስላል። ደላላው ኮፍያውን ደፍቶ መሃል ቆሟል።

"ፖርፊሪ ምንድን ነው?" አልኩት።

"ውድ ድንጋይ ነዋ!"

ሳቄን መቼም አትጠይቁኝ። "ስማ፣ ቅልጥ ድንጋይ ወደ ላይ ሲመጣ መሬት ውስጥ ቀርቶ፣ መጀመሪያ ቀስ ብሎ ኋላ ፈጠን ብሎ ሲቀዘቅዝ ነው ፖርፊሪ የሚሆነው። አተር የተነሰነሰበት ሊጥ ይመስላል። ከዚያ የፈላ ውኃ ይሰነጥቀዋል፤ መዳቡና ሞሊብዲነሙ በየስንጥቁ ይገባል። የኛ ጥቁር ድንጋይ ግን ውጭ ፈስሶ እዚሁ የደረቀ ነው። ቀዳዳው የአየር አረፋ፣ አረንጓዴውም ኋላ የገባበት ጭቃ ነው።"

"አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ምሁር የሆንከው?" አለ የእህቴ ባል።

ሎሚ፣ ሁለት ብርጭቆና ሁለት የብረት ምስማር አስመጣሁ። አንዱ ብርጭቆ ውስጥ ከድንጋዩ የፋቅኩትን አረንጓዴ፣ ሌላው ውስጥ ከባጃጁ ባትሪ የመዳብ ሽቦ ላይ የፋቅኩትን አረንጓዴ ዝገት በሎሚ በጠበጥኩ።

"መዳብ ያለበት ምስማሩን ያቀላዋል" ብዬ ነከርኩ።

ጠበቅን። የባጃጁ ምስማር ቀላ። የድንጋዩ ምስማር እንደገባ ወጣ።

"ኧረ ባጃጄን እንዳትመነጥሩብኝ!" ብሎ ሹፌሩ ጮኸ።

ደላላው ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ "ሃሎ፣ ሃሎ" እያለ ቁልቁል ወረደ። ኔትወርክ በሌለበት!

የበላ ወንፈል ደግሞ ሳይሠራ አይሸኝም። እህቴ መጥረቢያውን ሰብስባ አካፋ አደለች። ሲመሽ እንደዚያ የጠለቀ የሽንት ቤት ጉድጓድ በአካባቢው አልነበረም፤ ዲከረንሱም እንደቆመ ነው።

የእህቴ ባል ከጉድጓዱ ሥር አንድ ድንጋይ ወረወረልኝ። "ይሄስ? ቢጫ ነው እኮ!"

"ሎሚው አልቋል፤ ቆፍር" አልኩት።