ቆሎ የለመደ ክራር

ባሌ ካረፈ ወዲህ ክራሩን ከግድግዳ አውርጄው አላውቅም ነበር። ክረምቱ ሲወጣ ባወርደው ቆዳውን አይጥ በልታዋለች። ለእህቱ ልጅ ሰርግ የእሱ ድምፅ እንዲኖር ፈልጌ ነበርና ደነገጥሁ። የእሱ ድምፅ የምለው የክራሩን ነው፤ እሱማ ሲዘፍን ውሻ ያስለቅስ ነበር። የሰው ክራር ጥርት ብሎ ይጮሃል። የእሱ ግን ከያንዳንዱ ምት በኋላ እንደ ሽማግሌ ያጉረመርማል።

የባሌ እህት፣ የሙሽራዋ እናት፣ «ራሳችን እናልብሰው» ብላ ከወገዳ ገበያ የፍየል ቆዳ ገዝታ፣ ነክራና ፀጉሩን ፍቃ መጣች። አሮጌውን ቆዳ ስንገፍፈው ከሥሩ ያለው ገበቴ የእኔ ሆኖ ተገኘ። አዲስ ሙሽራ ሳለሁ «ተሰነጠቀ፣ ጣልሁት» ያለኝ የዋንዛ ገበቴ።

«አንች፣ ሳይጠይቅ ነው የወሰደብሽ?»

«እኔንስ መች ጠይቆ ወሰደኝ» አልኋት። በሳቅ ፈረስን።

ገበቴ አይቶ እጅ መቼ ያርፋል? ውስጡ የተከማቸውን የገብስ ቆሎ ለዶሮዎች ደፋሁና በአመድ ፈግፍጌ አጠብሁት። እርጥቡን ቆዳ አልብሰን፣ ከሥር በጠፍር ወጥረን፣ ለድምፁ መውጫ ቀዳዳ በስተን ፀሐይ ላይ አኖርነው።

ሲደርቅ ጅማቶቹን አሥራ መታችው። ድምፁ ትንኝ ሆነ። ቆዳውን በእርጥብ እጄ ዳበስሁት፤ ረገበና እንቁራሪት ሆነ።

«እንግዲያ ሰርጉን ወንዝ ዳር እናድርገው» አለች። ሆዴን ይዤ ሳቅሁ፤ እንባዬ ግን የሳቅ ብቻ አልነበረም። እንደገና ደረቀ፣ ተቃኘ፣ ጥርት አለ፣ አማረ። የሌላ ሰው ክራር ነበር።

«ደግሞ ምን ጎደለው?»

«ማጉረምረሙ።»

ያን ጊዜ ትዝ አለኝና ነገርኋት። ባሌ ቆሎ እየቆረጠመ ነበር የሚጫወተው። ከእጁ የሚያመልጠው በቀዳዳው ይገባል። «ኧረ አራግፈው» ስለው «ይራበዋል» ይለኝ ነበር። ዶሮዎቹን አየኋቸው። ዶሮዎቹም አዩኝ።

«እንግዲህ ማረድ ነው፣ እታለም» አለች የባሌ እህት።

ከጓዳ ቆሎ ዘገንሁና ቆንጠር አድርጌ በቀዳዳው ጨመርሁ። መታችው። ጅማቱ ጮኸ፤ ከሥሩ ደግሞ፣ ትንሽ ዘግየት ብሎ፣ አጉረመረመ። ከዚያ ጨመርሁለት። ደግሜ ልጨምር ስል ቀዳዳውን በመዳፏ ከደነችው።

«በቃው፣ አንች። ሰርጉ ላይ ምን ሊበላ ነው?»