ደምሰው የደረበው አጎበር

ትእዛዙ የደረሰን በየካቲት ወር፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር። «ነገ ጎሕ ሲቀድ ጉዞ። ኮረብታውን ትይዛላችሁ፤ መልካውን ትጠብቃላችሁ።» የሻምበላችን አዛዥ ከዚህ የበለጠ አልተናገረም።

ኮረብታው በሰሜን ምዕራብ ቆላ፣ ከድንበሩ ወንዝ መሻገሪያ በላይ ነው። በካርታው ላይ ስም አልነበረውም። እኛ «ኩይሳው» አልነው፤ በየግራሩ ሥር ምስጥ የሠራው ኩይሳ ከሰው ቁመት በልጦ ቆሞ ነበርና። መሬቱ ጥቁር ነው፤ በበጋ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል።

በጓዱ ውስጥ አሥራ አንድ ወታደሮች ነበርን። መሪው እኔ ነበርኩ። ከመንዝ የወጣነው ሁለት ብቻ ነን፦ እኔ ከሞላሌ፣ ደምሰው ከወደ ግሼ። ደምሰው ወታደር ከመሆኑ በፊት ከአባቱ ጋር ባና ይሸምን ነበር። ወደዚያ እሳት የሆነ አገር ሲወርድም በእጁ የሸመነውን የሱፍ ባና ጠቅልሎ በጀርባው አዝሎ መጣ። ሳቅንበት።

«የመንዝ ሰው ገሃነምም ቢገባ ባናውን አይጥልም» አለው ገመዳ፣ የአርሲው መትረየስ ተኳሻችን።

ደምሰው አልተቆጣም። «ገሃነም ማታ ማታ ይበርድ እንደሆነ ማን ያውቃል?» አለ።

በሦስተኛው ቀን የሻምበሏ የሕክምና ባለሙያ መጥቶ ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ አጎበር አደለን። «እዚህ ካላዛር የሚባል በሽታ አለ። የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ናት። ቀን በመሬት ስንጥቅና በኩይሳ ውስጥ ትውላለች፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ትወጣለች» አለን። «ዝንብ ቢሰበሰብ መግላሊት አይከፍትም» ብዬ የቀለድኩት እኔ ነኝ። ጓዱ ሳቀ። ባለሙያው ግን ሳይስቅ ሄደ።

ደገኛ ስለ ቢንቢ የሚያውቀው ድምጿን ነው። እኔም ማታ ማታ ጆሮዬን አቀናሁ፤ የሚጮህ ነገር አልሰማሁም። ካልጮኸች የለችም አልኩ፤ ሌሎቹም እኔን አምነው ተዘናጉ። አንዱ በአጎበሩ ዳቦ ሸፈነበት፣ ሌላው ውሃ አጠለለበት። አጎበሩን እንደ ደንቡ ዘርግቶ የተኛው ደምሰው ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ማለዳ ጠራኝ። በአጎበሩ ውስጠኛ በኩል አንዲት ነገር አርፋለች። የአሸዋ ቀለም አላት፤ ክንፏን እንደ ሌሎቹ አታጥፍም፣ ወደ ላይ ቀጥ አድርጋ ትይዛለች። ሆዷ በደም ቀልቷል።

«ይቺ ከቢንቢ ታናሽ ናት» አለኝ። «ድምፅ የላትም። የአጎበሩ ዐይንም ለእሷ በር ነው። ሸማኔ ነኝ፣ ክፍተት አይቼ አላልፍም።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«መደረብ ነዋ! የአንዱ ክር በሌላው ዐይን ላይ እንዲወድቅ።»

የሁላችንንም አጎበር ሰበሰበና ከጥበቃ ተራው ውጭ ባለው ጊዜ ሁሉ ተቀምጦ ሰፋ። ክሩን የመዘዘው ከአሮጌ የአሸዋ ጆንያ ነው። ሁለቱን አጎበር አንድ ላይ ወደ ፀሐይ ይዘረጋል፣ ትንሽ ያንሸራትታል፣ ብርሃኑ ሲጠብለት ይወጋል። በአራተኛው ቀን አምስት ድርብ አጎበሮች ወጡ። በእያንዳንዱ ሥር ሁለት ሰው ሲተኛ አሥር ሰው ይሆናል። ለአሥራ አንደኛው የቀረው ነጠላው ነበር።

«ነጠላው የኔ ነው» አለ ደምሰው። «እኔ ባና አለኝ።»

በነጠላው ሥር በተራ እንድናድር ማዘዝ ነበረብኝ። አላዘዝኩም። የባና ነገር ለእኔም ለመንዙ ልጅ እውነት መሰለኝ። ባና ውርጭ ይመልስ የለም እንዴ? በዚያ ሙቀት ግን ባና ለብሶ የሚያድር ሰው የለም። ሲነጋ ባናው ሁልጊዜ ከእግሩ ሥር ተገፍቶ ነበር የምናገኘው።

በመጋቢት መጨረሻ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ታጣቂዎች መልካውን ተሻገሩ። ተኩሱ ከግራ ጀመረ። ገመዳ መለሰላቸው። ሁለተኛውን ዝናር ሲያጎርስ ግንባሩን ተመታ። ዝናር አቀባዩ ሰይድ ሊያነሳው ዘሎ ከጎኑ ወደቀ። ደምሰው መትረየሱን ያዘ። «አለሁ!» ብሎ ጮኸ። አንድ ሰዓት ተኩል ተዋጋን። ፀሐይ ስትወጣ መልካው ባዶ ነበር፤ ኮረብታው በእጃችን ነበር። ገመዳንና ሰይድን ከትልቁ ግራር ሥር ቀበርናቸው። በድርቡ አጎበር ሥር ሁለት ቦታ ተለቀቀ፤ ደምሰው ግን የሟች ቦታ አልወስድም ብሎ በነጠላው ቀረ።

በግንቦት ደምሰውን አተኮሰው። የወባ ክኒን ሰጠነው፤ አልበረደም። ሰውነቱ እየከሳ ሆዱ ገፋ። አንድ ሰኞ ከሰዓት በኋላ እጄን ወስዶ በግራ ጎኑ ላይ አስቀመጠው፤ ከጎድን አጥንቱ በታች እንደ ድንጋይ የጠጠረ ነገር ነበር።

«ጣፊያዬ ነው» አለኝ። «እንደ አገራችን በጋለ ብረት ተኩሰኝ።»

በማግስቱ ማክሰኞ የውሃ ቦቴው የሚመጣበት ቀን ነበር። አሳፍሬ ብልከው በዚያው ቀን ሆስፒታል ይገባል። እሱ ግን ኮረብታውን ትቶ መሄድ አልፈለገም፤ እኔም ልጅ ሆኜ አባቴ የጎረቤታችንን ጣፊያ ሲተኩስ አይቻለሁ። የሳንጃዬን ጫፍ አጋልኩና ጎኑን ሦስት ቦታ ተኮስኩት። ጥርሱን ነክሶ ቻለ። በማግስቱ ትኩሳቱ ለቀቀው። ደስ አለን። ቦቴው መጣ፣ ውሃውን ቀዳልን፣ ባዶውን ተመለሰ።

ትኩሳቱ በሳምንቱ ተመለሰ። ዝናቡም ያን ቀን ጀመረ። ጥቁሩ መሬት ጭቃ ሆነ፤ መኪና የሚባል ነገር ቀረ።

ስድስታችን እስከ ሆስፒታሉ እንድንሸኘው ተፈቀደልን። ሁለት አጣና ቆርጠን ባናውን በመካከሉ ወጠርንና ቃሬዛ ሠራን። አራት አራት እየሆንን፣ እየተቀባበልን ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ተጓዝን። ጭቃው ጫማችንን ነጥቆ አስቀረው። አንድም ሰው «ደከመኝ» አላለም። የደቡቡም ልጅ፣ ጎጃሜውም እንደ ወንድሙ ተሸከመው። በሕይወቴ ብዙ ሰልፍ አይቻለሁ፤ የምኮራበት ሰልፍ ግን ያ ነው።

የሆስፒታሉ ሐኪም ሆዱን ዳሰሰች። ጠባሳውን አየች። ጣቱን ወግታ ደሙን መረመረች።

«ካላዛር ነው» አለች። «በጣም ዘገያችሁ። መድኃኒት እኮ ነበረው።»

መርፌው ተጀመረለት። በዘጠነኛው ቀን አረፈ። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ያለኝን እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ፦ «አጎበሮቹን ስታጥቡ ስፌቱን እንዳትፈቱት።»

ፈቃድ ሳገኝ ባናውን ይዤ ወደ ግሼ ሄድኩ። አባቱ ባናውን ሲያዩት ወዲያው ለዩት፤ ጠርዙን በጣታቸው ዳሰሱ። «በምን ሞተብኝ?» አሉኝ። በዝንብ ማለት አፌን ከበደኝ። ቢሆንም ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ነጠላውን አጎበር፣ ሳንጃውን፣ ባዶውን የተመለሰውን ቦቴ።

ባናውን አጥፈው በጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። «እኔም ብሆን እተኩሰው ነበር፣ ልጄ» አሉ በመጨረሻ። «ባለማወቅ ነው። አሁን ግን ዐውቀሃል። እንዳትደብቀው።»

አልደብቅም። ዛሬ ጡረታ ወጥቼ ሞላሌ ነው የምኖረው። ወጣቶች ለሰሊጥ አጨዳ ወደዚያ ቆላ ሲወርዱ መናኸሪያ ድረስ ሄጄ እነግራቸዋለሁ፤ ሁለት አጎበር ያዙ፣ ደርባችሁ ስፉት፣ ከኩይሳ ሥር አትተኙ፣ ትኩሳት ሳምንት ሁለት ሳምንት ከቆየባችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ፣ ጎናችሁን ለብረት አትስጡ። አንዳንዱ «አባባ፣ ለዝንብ ነው ይሄ ሁሉ?» ብሎ ይስቃል። አልቆጣውም፤ ሳቁን ዐውቀዋለሁ።

ሌሎቹ ደግሞ ስንት ሰው እንደሞተብን ይጠይቁኛል። ሦስት እላቸዋለሁ። ገመዳና ሰይድ በጥይት፣ ደምሰው በአሸዋ ዝንብ። ሦስቱንም የምቆጥረው በአንድ ረድፍ ነው፤ ሦስቱም ኮረብታውን ይዘው ነው የሞቱት። የተረፍነው ስምንት ነን። በኩይሳው ላይ ከዚያ በኋላ ሌላ ዓመት ከረምን፤ ከስምንታችን ያ በሽታ የነካው አንድም ሰው የለም። ስፌቱን አልፈታነውም።