ትራሴ ሥር የዋለው ክኒን

ነገሩ የሆነው አምና በጤፍ አጨዳ ሰሞን ነው። ሆዴ ላይ ያለውን ጠባሳ ባየሁ ቁጥር ከሕመሙ ይልቅ ሞኝነቴ ትዝ ይለኛል።

መካነ ሰላም ሆስፒታል ትርፍ አንጀቴን ኦፕራሲዮን ሆኜ ወደ መንደሬ ስመለስ ሐኪሙ የማስታገሻ ክኒን ሰጠኝ። «ሕመሙ እስኪነሳብህ አትጠብቅ፤ ሰዓቱን እያየህ ዋጥ» አለኝ። ምን ልበላችሁ፣ ክኒኑ ጉድ ነው! በሦስተኛው ቀን ፀሐይ ላይ ተቀምጬ ከጠያቂ ጋር ስሳሳቅ ዋልኩ።

ችግሩ ወንፈሉ ነው። ጎረቤታችን ጋሽ ሰይድ ከነልጆቻቸው መጥተው የማሳዬን እኩሌታ አጭደውልኛል። እኔ ደግሞ እሳቸው ማሳ ላይ የምወርድበት ቀን ደርሷል። አንዷ ጠያቂ ከደጃችን ሳትርቅ፣ «ወንፈል ሲደርስበት ነው የታመመው? ሆዱን የተቀደደ ሰው እንዲህ ይስቃል?» ስትል ሰማኋት። በእኛ አገር ከወንፈል ሸሸ የተባለ ሰው በዓመቱ ማሳው ላይ ብቻውን ነው።

ባለቤቴ፣ «ትንሽ አቃስት እንጂ!» አለችኝ። ሞከርኩ።

«ተወው፣ እንደ አህያ አናፋህ» አለች።

በማግስቱ ጋሽ ሰይድ ሊጠይቁኝ እንደሚመጡ ስሰማ የጠዋቱን ክኒን ትራሴ ሥር ደበቅሁት። የምር ሲያመኝ ይዩኝ ብዬ ነው። እሳቸው ግን በየደጁ ሰላምታ ሲያደርሱ እኩለ ቀን ሆነ። ቁስሌ እሳት ሆኗል። የሚገርመው፣ ከልቤ ሲያመኝ ማቃሰቱ ጠፋብኝ። ጋሽ ሰይድ ሲገቡ ጥርሴን ነክሼ ተቀበልኳቸው።

«አብሽር፣ ዛሬማ አፊያ ነህ!» አሉኝ። አለቀልኝ ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ።

ኋላ ግን ላቤን አዩት። «ይኼ ልጅ መድኃኒቱን ውጧል?» ብለው ባለቤቴን ጠየቋት። እሷ ትራሴን ስታቃና ክኒኑ ዱብ አለ።

አፍሬ እውነቱን ተናገርኩ። ጋሽ ሰይድ ፎጣቸው ከትከሻቸው እስኪወድቅ ሳቁ። እኔም አብሬ ስስቅ ስፌቴን ይዤ ጮህኩ። ውኃውን ራሳቸው አቀበሉኝ።

«ዋጥ አንተ! ስታቃስት ልሰማ የመጣሁ መሰለህ? የቀረችውን ጤፍህን ትናንት ከልጆቼ ጋር አጭደን ከምረንልሃል። ይኼን ልነግርህ ነው የመጣሁት።»

እንባዬ መጣ። በስፌቱ አሳበብኩ።

ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ፤ እንዲህ ያለ ጎረቤት ስላለኝ ደግሞ ደስ ይለኛል። ዘንድሮ እሳቸው በተራቸው ኦፕራሲዮን ሆኑ። ማሳቸውን አጭጄ ልጠይቃቸው ስሄድ፣ ገና ከበር ሲያዩኝ መንደሩን የሚያሰማ ማቃሰት አቃሰቱ።

«ጋሽ ሰይድ፣ ክኒኑን አልዋጡም እንዴ?» አልኳቸው ደንግጬ።

«ቅድም ውጬዋለሁ» አሉ ቀና ብለው፤ «እንዴት እንደሚቃሰት ላሳይህ ብዬ ነው።»