አያቀብሌው ፍሰሐ

ደጉ ጫማ ሰፊው ፊደል የቆጠረው በአርባ አራት ዓመቱ፣ በሰባ ሦስት ዓ.ም.፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ምስክር ወረቀቱን ሲቀበል ሰው ሁሉ አሁን ለዘመዶቹ ደብዳቤ ይጽፋል ብሎ ነበር። እሱ ግን ደብተሩን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ቀጥ ብሎ ቅርጫት ኳስ ሜዳ!

የላይኛውም የታችኛውም ቀበሌ ኳስ ስትተረተር የሚሰፋት እሱ ስለሆነ ጨዋታ አያመልጠውም፤ ያየውንም ደብተሩ ላይ ይሞነጭራል። ልደታ በዚያን ጊዜ ለሁለት ተከፍላ ልትባላ ደርሳለች። የኛ የላይኞቹ ኮከብ ሚደቅሳ ነው፣ የታችኞቹ ሁመድ። "ሚደቅሳ ይበልጣል!" "ሂድ ወዲያ፣ ሁመድን ጫፉን አይደርስበትም!"

"እናንተ አግቢውን ነው የምታዩት" ይላል ደጉ፣ ክሩን በጥርሱ እየበጠሰ። "እኔ የማየው አቀባዩን ነው። ሁመድን አራት ሰው እየተሻማ ያጎርሰዋል። የኛን ምስኪን ማን ያጉርሰው? ፍሰሐ?"

ይልና ይነሳል፤ ተነስቶም ቁርጥ የሚደቅሳን የቡድን ጓደኛ፣ ፍሰሐን ይሆናል! ክርኑን ከፍቶ፣ ከንፈሩን አሞጥሙጦ፣ የተሰፋችውን ኳስ እንደ አራስ ልጅ ደረቱ ላይ አቅፎ "አቀብል!" ሲባል ጆሮው እንደማይሰማ ሰው ሰማይ ሰማይ ያያል። መንገደኛው ሳይቀር በሳቅ ይፈርሳል። አንድ ቀን ታዲያ ፍሰሐ ራሱ፣ ሶሉ የተላቀቀ ሸራ ጫማውን ይዞ፣ ከኋላው ቆሞ ኖሯል። ከሁሉ አብልጦ የሳቀ እሱ ነው። ደጉን ያ ሳቅ አልጣመውም።

በነጋታው ደብተሩ የለም።

"ጠጅቱ፣ እሳት አያያዝሽበት?" አላት ሚስቱን።

"ያንተን ሙንጭርጭር እሳትም አይበላው!"

ቀጥሎ አብዱልሃሚድ ባለሱቁን ጠረጠረ። ሦስት ቀን ሙሉ ጨው የተጠቀለለበትን ወረቀት አንገቱን እያሰገገ ሲያነብ፣ አብዱልሃሚድ ደግሞ በተራው እሱን ጠረጠረው፣ ከቀበሌ ተልኮብኝ ነው ብሎ።

በአራተኛው ቀን አብዮት ጠባቂ መጣ። "ጋሽ ደጉ፣ ለአጭር ጥያቄ ይፈለጋሉ።"

ለአጭር ጥያቄ ተብሎ ሄዶ ያልተመለሰ ሰው በየቤቱ አለ። ጠጅቱ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ እስከ አስፋልቱ ተከተለችው።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ተክለጻድቅ፣ ያኔ ምስክር ወረቀቱን ሲሰጠው "ጋሽ ደጉ፣ እርስዎ ምሳሌ ነዎት" ያለው፣ ዛሬ አንተ እያለ ጀመረ። ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ፣ ሽጉጡ ከደብተሩ አጠገብ።

"ጽሑፉ ያንተ ነው?"

"የኔ ነው ጓድ ሊቀመንበር። እናንተው ባስተማራችሁኝ ፊደል..."

"'ሁመድ፣ አቀባይ አራት። ሚደቅሳ፣ አቀባይ የለውም፣ ቶሎ ሰው ይፈለግለት።' ምንድን ነው የሚቀባበሉት?"

"ኳስ!"

"'ሳይታይ የሚያስገባ' ትላለህ። ምኑን ነው የሚያስገባው? መሣሪያ?"

"ኳስ ነው ጓድ፣ እግዚአብሔርን!"

"እግዚአብሔርን እዚህ አታስገባብኝ!"

ደጉ ወሬ እንደማያዋጣው ገባው። ነጠላ ጫማውን አውልቆ የሁመድን አራት አቀባዮች አንድ በአንድ ሆነ። እንደ ሸርጣን በጎኑ የሚሮጠውን፣ ባቀበለ ቁጥር ሱሪውን የሚጎትተውን፣ የሚያፏጨውን፣ ዓይኑን ግራ አድርጎ በቀኝ የሚወረውረውን። ጠመንጃ የያዘው ጠባቂ "ውይ፣ እሱ እኮ ነው!" ብሎ ፈነዳ። ጓድ ተክለጻድቅም ሳቁን በሳል ሸፈነ።

ሳሉ ሲያበቃ ግን ደብተሩን ገለጠና ጣቱን መሀሉ ላይ አሳረፈ። "ይሄ ቅጠል ተቀድዷል። ምን ነበረበት?"

ደጉ አየው። ከሁመድ ሰዎች ቀጥሎ፣ ከሚደቅሳ በፊት። ምን እንደነበረበት እንደ ስሙ ያውቀዋል፦ "ፍሰሐ። ስስታም። ዕድሜ ልኩን አቀብሎ አያውቅም።" ቀዳጁ ማን እንደሆነ ያን ጊዜ ቁልጭ አለለት። ግን ልናገር ቢል የቀበሌውን ጆሮ ጠቢ አጋለጥክ ተብሎ በዚያው መቅረቱ ነው።

"ጨው ጠቅልዬበት ነው፣ ጓድ።"

ሊቀመንበሩ አተኩሮ አየው። በመጨረሻ ደብተሩን ወረወረለት። "ሂድ። ግን 'አቀባይ' የምትለውን ቃል እንዳላይብህ። ሌላ ቃል ፈልግለት።"

ቅዳሜ ፍሰሐ ጫማውን ሊወስድ መጣ። "ጋሽ ደጉ፣ እንዴት ሰነበቱ? ደብተርዎ ተገኘ አሉ።"

"ተገኘልኝ። ማን ነገረህ?"

"ኧረ... እንዲሁ ሰው ሲያወራ።"

"ተቀመጥ። ትንሽ ቀርቶኛል።"

ደጉ ጀርባውን ሰጥቶት ከደብተሩ ጥግ ቀደደ፣ እርሳሱን በምላሱ አርሶ ጻፈ፦ "ፍሰሐ። አንዴ አቀብሏል።" ወረቀቷን አጣጥፎ ከሶሉና ከገበሩ መሀል አስገባትና፣ እንዳትወጣ ክሩን ደርቦ ደርቦ ሰፋት።

ፍሰሐ ጫማውን አድርጎ ሁለት ሦስት ጊዜ ረገጥ ረገጥ አደረገው።

"አልቆረቆረህም?" አለው ደጉ።

"ኧረ ምንም! እጅዎ ይባረክ።"