ፈረንጅ አገር ያለው የኪታብ ሽፋን

ወሎ፣ መካነ ሰላም ውስጥ ሥነ ውበት እንዳስተምር ስመደብ ስለ ሥዕል የማውቀው ነገር አልነበረም። ኮሌጅ የተማርኩት ቋንቋ ነው። ትምህርት ቤቱ የጎደለው ግን የሥነ ውበት መምህር ስለነበር «ለጊዜው ያዥው» ተባልኩ፤ ለጊዜው የተባለው ዓመታት ፈጀ። መማሪያ መጽሐፉ ላይ ያሉት የዓለም ሥዕሎች በጥቁርና ነጭ የታተሙ፣ ቀለማቸው የተደፋፋ ነበሩ። አንዲት ተማሪ አንዱ ላይ ጣቷን አድርጋ «ቲቸር፣ ይቺ ሴትዮ ናት ወይስ ተራራ?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም አላወቅኩም።

ከመናኸሪያው ጀርባ ወዳለው ኢንተርኔት ቤት መመላለስ የጀመርኩት በዚህ ምክንያት ነው። ቤቱን የከፈተችው ከዐረብ አገር የተመለሰች ሴት ናት። ደንበኞቿ አብዛኞቹ ጂዳና ቤሩት ያሉ ልጆቻቸውን በስክሪን ለማየት የሚመጡ እናቶች ነበሩ። እነሱ እያለቀሱና እየሳቁ ሲያወሩ እኔ ጥግ ይዤ ሙዚየም እከፍታለሁ። ትልልቆቹ የውጭ አገር ሙዚየሞች ያላቸውን ዕቃ ፎቶ አንስተው ለማንም በነፃ እንደሚያሳዩ ያወቅኩት እዚያው ቤት፣ በአጋጣሚ ነው።

ኔትወርኩ ደካማ ስለነበር ሥዕሉ የሚመጣው ከላይ ወደ ታች፣ ቀስ እያለ ነው። አንድ ቀን መጀመሪያ ጥቁር ሰማይ መጣ። ቀጥሎ የአንድ ሽማግሌ ግንባርና የፈጠጡ ዓይኖች። ከዚያ ክንዱ፣ ከዚያ ቢላዋው፣ ከቢላዋው ሥር የታሰረ ልጅ አንገት። ያኔ ነቢዩ ኢብራሂም መሆናቸው ገባኝ። ታሪኩን አባቴ በየዓረፋው ይተርኩልን ስለነበር በጉ እንደሚመጣ አውቃለሁ። በጉ ሳይመጣ ግን መብራት ሄደ፤ በጨለመው ስክሪን ውስጥ የራሴን ፊት አየሁ።

አባቴ ቁርአን የሚያስቀሩ፣ ልጆች የሚያስተምሩ ሰው ናቸው። እኛ ቤት ግድግዳ ላይ የሰው ምስል ተሰቅሎ አያውቅም። የነቢይን ፊት በሥዕል ማየት ምን ማለት እንደሆነ የሚያስረዳኝ ሰው አላስፈለገኝም። ቤት ስገባ ዓይኔን ያዩብኝ ይመስል ቀና ብዬ አባቴን ማየት አቃተኝ። ለሶላት ግንባሬን መሬት ሳስነካ ያ ቢላዋ ይመጣብኛል። መተውስ አልቻልኩም። ስለዚህ ሰው ወደሌለባቸው ነገሮች ሸሸሁ፤ ወደ ሸክላ፣ ወደ ምንጣፍ፣ ወደ መጽሐፍ ሽፋን።

እዚያ ስሸሽ ነው የባሰው ያገኘኝ።

ከቆዳ የተሠራ ቀይ ዳማ የኪታብ፣ የዐረብኛ የሃይማኖት መጽሐፍ፣ ሽፋን ነበር። መሃሉ ላይ እንደ ዓይን ሁለት ጫፉ የሾለ ማኅተም ታትሞበታል፤ በግራ በኩል እንደ ፖስታ የሚታጠፍ ክዳን አለው። ከሥሩ በእንግሊዝኛ «ኢትዮጵያ፣ ምናልባት ወሎ» ይላል። ያንን ማኅተም አውቀዋለሁ። በከላላ መንገድ ባለችው መንደር፣ ሸህ የሆኑት የእናቴ ታላቅ ወንድም ቤት፣ ከአባት ከአያት የወረደ ኪታብ አለ። ልጅ ሆኜ ለመውሊድ ሲወጣ አይቼዋለሁ። ሁለቱን የሠራቸው አንድ እጅ ይሆን? ከየትስ ቢወጣ ነው ያኛው እዚያ የደረሰ?

የኢንተርኔት ቤቷ ባለቤት ዐረብኛ ታነባለች፤ የአጎቴን ኪታብ ነገርኳት። ትከሻዬ ላይ ጎንበስ ብላ አየችና «አጎትሽ ቤት ያለውን አስተያይ እንጂ፣ ቁጭ ብለሽ ታዪዋለሽ?» አለችኝ።

ቅዳሜ ሄድኩ። አጎቴ ለሶላት እንደሚታጠቡት ውዱእ አድርገው፣ ኪታቡን ግድግዳው ላይ ከተንጠለጠለው የቆዳ ማኅደር አውጥተው ነጭ ጨርቅ ላይ አኖሩልኝ። ማኅተሙ ያው ነው፤ ሁለቱ ጫፎች ላይ ያለችው ትንሿ አበባ ሳትቀር ያቺው ናት። «አጎቴ፣ ሽፋኑን ብቻ ፎቶ ላንሳው?» ስላቸው የጨርቁን ጫፍ አስተካክለው «አንሽ» አሉ። ቤቱ ጨለም ያለ ስለነበር የስልኬ ፍላሽ ቦግ አለ። ቀና ስል ዱዓ ሊያስደርጉ የመጡ ሁለት ጎረቤቶች ደጃፉ ላይ ቆመዋል። ሰላምታቸውን አቋርጠው ስልኬን ያያሉ። አጎቴ ኪታቡን ባንድ ጊዜ በጨርቁ ጠቀለሉት።

ያ ዓመት ደግሞ ሰው ከሰው የሚጠባበቅበት ዓመት ነበር። ጎረቤት ከጎረቤት አንድ ለአምስት ተደራጅቶ፣ ማን ምን አለ፣ ማን ቤት ማን ገባ የሚባልበት። ወሬው በገበያ ቀን ቀድሞኝ ከተማ ገብቷል። «የሸሁ እህት ልጅ ኪታቡን በስልክ ለፈረንጅ ላከችው። መኪና መጥቶ ሊወስደው ነው።» በርበሬ የምትሸጥልኝ ሴት እንኳ መልሴን ስትሰጠኝ እጄን ላለመንካት ጨርቅ ላይ ጣለችው። ሰው እንዲህ ቢሆን አይፈረድበትም። በመቅደላ ስንት መጽሐፍ በዝሆንና በበቅሎ ተጭኖ እንደሄደ እዚህ አገር ያልሰማ ልጅ የለም።

የወረዳው ፀጥታ ኃላፊ ቢሯቸው የጠሩኝ ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ ሳለ ነው።

«መምህርት፣ ቁጭ በይ» አሉኝ። «ፎቶውን ለማን ነው የላክሽው?»

«ለማንም አልላክኩም።»

«ታዲያ ለምን አነሳሽው?»

«ሙዚየም ላይ ካየሁት ጋር ላስተያየው ነው።»

«የትኛው ሙዚየም?»

ስሙን ስነግራቸው እጃቸው ጠረጴዛው ላይ ቆመ። ለኔ የሚያምር ነገር የማይበት ቦታ ነው፤ ለሳቸው ግን የባሕር ማዶ ሰው አድራሻ ሆነባቸው። ፎቶውን አጥፍቼው ብመጣ ይሻል ነበር ይሆን እያልኩ አስባለሁ፤ ባጠፋው ደግሞ ምን ደብቀሽ ነው እባላለሁ። «እርስዎው ይዩት፣ ላሳይዎት» ያልኩት ሌላ መውጫ ስላጣሁ ነው።

ወደ ኢንተርኔት ቤቱ ስንሄድ ሰው ከኋላችን ተከተለ። እኔ ስቀመጥ በሩ ላይ ብርሃን እስኪጠፋ ተሞላ። አጠገቤ አንዲት እናት ቤሩት ካለች ልጃቸው ጋር ያወራሉ። ገጹን ጠራሁት፤ እምቢ አለ። እንደገና ጠራሁት። ነጭ ነው። ኃላፊው ከኋላዬ ሲተነፍሱ አንገቴ ላይ ይሰማኛል። «የለማ» አሉ። በሕይወቴ እንደዚያን ጊዜ ለኔትወርክ ዱዓ አድርጌ አላውቅም።

መጣ። መጀመሪያ የቆዳው ዳር፣ ቀጥሎ ማኅተሙ፣ በመጨረሻ ጽሑፉ። ተገላገልኩ ብዬ ትንፋሼን ሳወጣ ኃላፊው ጎንበስ ብለው ጮክ ብለው አነበቡት፦ «ወሎ!»

በሩ ላይ ያለው ሰው የሰማው ያንን ቃል ብቻ ነው። «ሄዷል! ኪታባችን ሄዷል!» አለ አንድ ድምፅ። ሌላው ተቀበለው። ንፁህነቴን ያሳይልኛል ያልኩት ነገር በዓይኔ ፊት ወንጀሌ ሆነ። ሰዉ ወደ ውስጥ ሲገፋ ወንበር ወደቀ። ባለቤቷ ዘላ የብረት በሩን ዘጋችው፤ ወዲያው ድንጋይ አረፈበት። ኃላፊው ራሳቸው ግድግዳ ተጠግተው ቆሙ። ከስክሪኑ ውስጥ ቤሩት ያለችው ልጅ «እማ! እማዬ! ምንድን ነው ድምፁ?» ትላለች፤ እናትየዋ መልስ መስጠት አቅቷቸው በነጠላቸው አፋቸውን ይዘዋል። እኔ ከጠረጴዛው ሥር ነበርኩ። መቼ እንደገባሁ አላውቅም። በሩ ከተከፈተ የሚያወጡኝ በፀጉሬ ነው ወይስ በእጄ ነው ብዬ አስብ ነበር፤ ሌላ ምንም አላሰብኩም።

ድንጋዩ ቆመ። ለምን እንደቆመ አልገባኝም ነበር። ከዚያ የአጎቴን ድምፅ ሰማሁ።

«አሰላሙ አለይኩም።»

ሰዉ ሁሉ መለሰ። ሲጮህ የነበረው ሁሉ «ወአለይኩሙ ሰላም» አለ።

«ኪታቡ ይኸው» አሉ አጎቴ። «በጋቢዬ አቅፌው ነው የመጣሁ። ማየት የሚፈልግ ይይ፤ መንካት የሚፈልግም ይንካ። ውዱእ ያለው ይቅረብ።»

ማንም አልቀረበም። ድንጋይ በያዘ እጁ ማን ይቅረብ? ጥቂት ቆይቶ አንድ ሰው ሳቅ አለ፤ ሳቁ ውስጥ እፍረት ነበረበት። ባለቤቷ በሩን ስትከፍተው ሰዉ ወደ ኋላ ሸሽቶ፣ አጎቴ ከበቅሏቸው አጠገብ ቆመዋል። ወሬው እስከ መንደራቸው ደርሶ፣ ተጠርቼ መሄዴን ሳይሰሙ ነው በራሳቸው ሐሳብ የተነሱት።

ከጠረጴዛው ሥር ስወጣ «አብሽሪ፣ አይዞሽ» አሉኝ። ገብተው ስክሪኑ ፊት ቆሙ። ኪታቡን ከጋቢያቸው ሥር ሳያወጡ ያንኛውን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ኃላፊው ስልኬን «ለምርመራ» ብለው ወሰዱት። በኋላ ሲመለስልኝ ሚሞሪው ውስጡ አልነበረም።

አጎቴን እስከ ከተማው ጫፍ ሸኘኋቸው። የበቅሎዋን ኮርቻ ይዤ ነበር የምራመደው።

«አጎቴ፣ ተቆጡኝ?»

«አልተቆጣሁም። ፈራሁ እንጂ።»

«ሰዉን ነው?»

«ሰዉንማ አውቀዋለሁ፤ ወገኔ ነው፤ ነገ መጥቶ ዱዓ አድርጉልኝ ይለኛል።» በቅሏቸውን አቆሙ። «የፈራሁት ያንን ያሳየሽኝን ነው። የሱም ባለቤት ይጠብቀው ነበር። እሱም አንድ ቀን ለሚያምነው ሰው ከማኅደሩ አውጥቶ አሳይቶት ይሆናል።»

በቅሏቸው ላይ ወጥተው ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ ኪታቡ ለመውሊድ እንኳ አልወጣም። የት እንዳኖሩት ለማንም አልተናገሩም። ባለቤቷ ኢንተርኔት ቤቱን ዘግታ ተመልሳ ዐረብ አገር ሄደች፤ እኔም ዝውውር ጠይቄ ደጎሎ ወደምትባል ሌላ ከተማ ገባሁ። ሙዚየሞቹን ማየት አልተውኩም። በስልኬ፣ ብቻዬን፣ በሩን ዘግቼ አያለሁ፤ ሰው ሲመጣ ስልኩን እገለብጣለሁ። የሥነ ውበት መምህር ናት የምባል ሴት፣ የሥዕል ታሪክ ስመለከት ሰው እንዳያየኝ እፈራለሁ።

አጎቴ በሞቱ ጊዜ ለለቅሶ ሄጄ፣ ታላቅ ልጃቸውን ለብቻው አግኝቼ «ኪታቡስ?» አልኩት።

ፊቴን አየው። እያወቀ ነው ወይስ ሳያውቅ፣ እስከ አሁን መለየት አልቻልኩም። «አላህ ያውቃል» አለኝ።

ላዝን ይገባኝ ነበር። አላዘንኩም። የት እንዳለ ባለማወቄ ደረቴ ቀለል ሲለኝ ተሰማኝና ከሴቶቹ ጋር ልቀመጥ ገባሁ።